ያልተቆረጠ ጭራ

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም መቀሱን በካልሲ ጠቅልለው ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ካልሲው ጥቁር ነበር፤ የታጠበ፣ ተረከዙ ላይ የተጣፈ። ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት ከብርጭቆው ጋር ተጋጭቶ ጮኸ። ያኔ ነው ውስጡ ምን እንዳለ ያወቅኩት።

ጋሽ ገብረክርስቶስ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። እንደ ባለቤቴ እንደ ሰመረ አዝማሪ ናቸው፤ አባታቸውም አያታቸውም አዝማሪዎች ነበሩ። ቂርቆስ ያለው ቤቴ አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅኩ። ሻይ ቀዳሁላቸው። ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመሩ፣ አማሰሉ፣ ግን አልጠጡትም።

«ቪዲዮውን አየሁት» አሉ።

የትኛውን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ልጄ ፍሬሰላም ከጓደኞቿ ጋር የተጫወተችበት የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከሁለት ሳምንት ጀምሮ ከስልክ ስልክ ሲዞር ነበር። በእሷ እጅ ከሱቅ የተገዛ ማሲንቆ አለ፤ ቆዳው ላይ የድምፅ ማጉያ ሽቦ ተለጥፎበታል። በስተቀኟ አርዋ የምትባል የወሎ ልጅ እግሯ ሥር ማሽን አስቀምጣ ድቤ የተባለውን ከበሮ ትመታለች፣ በስተግራዋ ፊሮምሳ ቤዝ ጊታር ይዟል።

«ከጎንደር ደውለውልኛል። የሰመረ ልጅ ማሲንቆን ከመብራት ጋር ሰካችው ወይ ይሉኛል። ምን ልበላቸው?»

«አዎ ይበሏቸው።»

ቀና ብለው አዩኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የወንድማቸው ሚስት ሆኜ እንዲህ መልሼላቸው አላውቅም።

«አጸደ፣ ቀልድ አይደለም። የሱቁን ማሲንቆ የፈለገችውን ታድርገው። የአባቴን ማሲንቆ ግን ዛሬ ጭራውን ቆርጬ ልወስደው ነው የመጣሁት። ከሙት ዓመቱ ወዲህ ሁለት ዓመት ታገስኩሽ፣ በቃኝ።»

ማሲንቆ ያለው አንድ ክር ብቻ ነው፤ እሱም ከፈረስ ጭራ የሚሠራ። በባለቤቴ ቤተሰብ ተጫዋቹ ሲሞት ያ ጭራ በሙት ዓመቱ ይቆረጣል። ከዚያ ወራሹ አዲስ ጭራ ያስርበትና መሣሪያው የእሱ ይሆናል። ሳይቆረጥ ማንም አይነካውም። የሚቆርጠው የቤተሰቡ ታላቅ ነው፤ መቀሱም ከአባት የወረደ ነው። በሰመረ ሙት ዓመት ጋሽ ገብረክርስቶስ ይህንኑ መቀስ ይዘው ሲነሱ፣ ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት «አይቆረጥም» አልኩ። ምክንያቱን አልተናገርኩም። እንግዶቹ የቀረበላቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ሄዱ።

ምክንያቱ ይህ ነበር። ሰመረ ወደ ሆስፒታል በሄደበት ቀን ጠዋት አልጋው ላይ ተቀምጦ ማሲንቆውን ቃኘና ግድግዳው ላይ መልሶ ሰቀለው። ጭራው እሱ በወጠረው ልክ ነበር የቀረው። እኔ ኬሚስትሪ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ውሃ የሚመረመርበት ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። የፈረስ ጭራ እርጥበት ሲያገኘው እንደሚላላ አውቃለሁ። ስለዚህ ማሲንቆውን በኮቱ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አስገባሁት፤ ዙሪያውንም እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶች ደረደርኩበት። በየሦስት ወሩ እቀይራቸዋለሁ። በቀየርኩ ቁጥር ቀኑን ሣጥኑ ክዳን ላይ እጽፋለሁ። ጣቴን ጭራው ላይ አሳርፌ ግን አላውቅም።

«ማን እንዲጫወትበት ነው የሚወስዱት?» አልኳቸው።

«የልጄ ልጅ አለ፣ አገር ቤት።»

«ይጫወታል?»

«ይማራል።»

«የእኔ ልጅ ተምራለች። የምትወርሰው እሷ ናት። የነገ ሳምንት እሑድ ለገሃር አጠገብ ባለው አዳራሽ ትጫወትበታለች። ሽቦም ትለጥፍበታለች።»

ይህን እኔም የሰማሁት ከአፌ ሲወጣ ነው።

ጋሽ ገብረክርስቶስ ሳቁ። ሳቃቸው የሰመረን ይመስላል፤ መጨረሻው ላይ ትንሽ ይጎትታል። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

«ሴት ናት ብዬ አይደለም» አሉ። «እናቴም ትጫወት ነበር፣ ከሁላችንም ትበልጥ ነበር። ማሲንቆው ግን ልጅ ስለሆኑ ብቻ አይወረስም። በመቀበል ነው የሚወረሰው። ባልሽ አልነገረሽም?»

ነግሮኛል። አዝማሪ ሲጫወት ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ይልና ግጥም ይሰጣል። አዝማሪው የተሰጠውን ስንኝ ቃል ሳይለውጥ ይዘፍነዋል። ሙገሳም ይሁን ስድብ፣ ስለ ራሱም ቢሆን። አባታቸው ሁለቱን ልጆቻቸውን ጎን ለጎን አቁመው፣ ለእያንዳንዳቸው የሚያማቸውን ግጥም ሰጧቸው። ሰመረ እንደተሰጠው ተቀበለ። ታላቅየው አንድ ቃል ለወጡ። ማሲንቆው ለታናሹ ሄደ፣ ለታላቁ መቀሱ ቀረ። ሰመረ ይህን የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለማንም እንዳልናገርም አስጠንቅቆኛል።

«እሑድ እመጣለሁ» አሉ ጋሽ ገብረክርስቶስ። «ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ተቀበይ እላታለሁ። ሳትለውጥ ከተቀበለች የእሷ ነው፤ ሽቦም ትቀጥልበት፣ ትራንስፎርመርም ትትከልበት። አንድ ቃል ከለወጠች፣ ወይም ያ ማሽናችሁ አልቆምም ብሎ ካለፈኝ፣ ከመድረኩ ላይ ይዤው እወርዳለሁ። እንስማማ?»

«እንስማማ።»

ተነሡ። ካልሲውን ጠረጴዛው ላይ ትተውት ነበር፤ ላቀብላቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ይቀመጥ። እስከዚያ እጅሽ ይልመደው» አሉኝና ደረጃውን ቀስ ብለው ወረዱ።

ፍሬሰላም ከክፍሏ ወጣች። ሁሉንም ሰምታለች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ስትናደድ እንደ አባቷ ጆሮዋ ይቀላል።

«እማዬ፣ ምንድን ነው ያደረግሽው? ማለቴ፣ እኔን ሳትጠይቂኝ?»

«አትፈልጊውም?»

«ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ነው የምፈልገው! ግን ሾው ነው እኮ። በቃ እያንዳንዷ ደቂቃ ተሠርታ አልቃለች። አርዋ በእግሯ የምትረግጠው ማሽን አለ አይደል? የመታችውን ቀድቶ እየደጋገመ ያጫውታል። አንዴ ከጀመረ ይዞራል፣ ማንንም አይጠብቅም። ተቀበይ የሚባልበት ቦታ የለውም።»

«ቦታ አብጁለታ።»

«እሺ ጭራውስ? አይቆረጥም ያልሽው አንቺ ነሽ።»

ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ወደ ማጠቢያው ሄድኩ።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ በካዛንቺስ በኩል በእግሬ መጣሁ። ሰመረ የሚጫወትበት ቤት እዚያ ነበር። አሁን ሰፊ መንገድ ሆኗል፤ የብስክሌት መሄጃ አለው፣ ዘንባባ ተተክሎበታል። በግምት ሰመረ ይቀመጥባት የነበረችው በርጩማ ከሦስተኛው የመብራት ምሰሶ አጠገብ ትሆናለች። ሁለት ልጃገረዶች እዚያው ቆመው ፎቶ ይነሡ ነበር። እስኪጨርሱ ጠበቅኳቸው።

ሳገባው ቤተሰቦቼ ሁለት ዓመት አላነጋገሩኝም። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ለአዝማሪ ሄደች ተባለ። እኔም ከዚያ በኋላ ማንም እንዲህ ናት እንዳይለኝ ተጠንቅቄ ኖርኩ። እሱ በሚጫወትበት ቤት ጥጉ ላይ ተቀምጬ አንድ አምቦ ውሃ ይዤ አመሻለሁ። አላጨበጭብም፣ አልነሣም። ሰመረ ተራ በተራ ሰዉን እየዞረ ይመጣና ፊቴ ቆሞ ደጋኑን ያነሣል። «ወይዘሮ ኬሚስትሪ፣ ዛሬስ?» ይለኛል። ግጥም ስጪኝ ማለቱ ነው። ራሴን እነቀንቃለሁ። ሰው ይስቃል፣ እሱም ይስቅና ያልፋል። ሃያ ሁለት ዓመት ጠየቀኝ። አንድ ቀንም አልሰጠሁትም።

እነ ፍሬሰላም የሚለማመዱት ቄራ፣ ከአርዋ አባት የልብስ ስፌት ቤት በስተጀርባ ባለች ክፍል ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጠሩኝ። ግጥም ሰጪ ያስፈልገናል ብለው ነው። አራት ስንኝ ደብተር ላይ ጽፌ ሄድኩ። ክፍሏ የጨርቅ ቁርጥራጭ በሞሉ ጆንያዎች ተከባለች፤ ድምፅ እንዳያመልጥ ይረዳል አሉኝ። ፊሮምሳ ከአንዱ ጆንያ ላይ ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀልኝ። ረጅምና ቀጭን ልጅ ነው፤ ጊታሩ ላይ ሲያጎነብስ ከርቀት ልብስ የተሰቀለበት እንጨት ይመስላል።

«ማሽኑን እዚህ ጋ እገድለዋለሁ» አለች አርዋ፣ እግሯን እያሳየችኝ። «ጋሼ ተቀበይ ሲሉ ጸጥ። ከዚያ ድቤውን በእጄ እይዛለሁ። እትዬ፣ ይህ እኮ ለእኔ አዲስ አይደለም። በመንዙማም እንደዚህ ነው፤ አያቴ ያወጣል፣ ሰዉ ይቀበላል። በእርግጥ ከእናቴ ጋር ውል አለን። ምቱን ውሰጂ፣ ቃሉ ግን የዱዓ ነው፣ እዚያው ይቆይ ብላኛለች። ስለዚህ ምቱን ብቻ ነው ያመጣሁት።»

«እናትሽ ይመጣሉ?» አልኳት።

«እሷማ ቀድማ ነው የምትገኘው። ቃል አውጥቼ እንደሆነ ለማጣራት!»

ሁሉም ሳቁ። አርዋ ድቤውን ጭኗ ላይ አደረገች። የቆዳው ጠርዝ በአያቷ እጅ ብዛት ጠቁሮ ይታያል። መምታት ስትጀምር ምቱ ይሄዳል፣ ጥቂት ያነክሳል፣ መልሶ ይሄዳል። ፊሮምሳ ከሥሩ ወፍራም ድምፅ አነጠፈለት። ፍሬሰላም በሱቁ ማሲንቆ ከላይ ገባች። ሰመረ የተጫወተውን ዜማ አወቅኩት፤ ግን ሌላ አገር ደርሶ የተመለሰ ሰው ይመስል ነበር፣ አካሄዱ ተለውጦ። ደስ ይበለኝ አይበለኝ ሳልወስን «ተቀበይ» አልኩና ከደብተሬ አነበብኩ።

ፊሮምሳ ጊታሩን አቆመ። «እትዬ፣ ይቅርታ ግን የውሃ ምርመራ ውጤት ነው እንዴ የሚያነቡልን?»

«ክሎሪኑ ስንት ነው ልትል ነበር» አለች አርዋ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ። ከዚያ ሁለተኛውን ግጥም ሰጠኋት፦

«ሰመረ ሞተና ቤቱ ጭር አለበት፣
ማሲንቆው ተሰቅሎ አቧራ ሞላበት።»

ፍሬሰላም ዓይኗን ጨፍና ተቀበለች። «ሰመረ ሄደና...»

አርዋ ድቤውን ያዘች። «ለወጥሽ።»

«አልለወጥኩም።»

«ሄደና አልሽ፣ ፍሬ» አለ ፊሮምሳ።

እንደገና ሞከርን። እንደገና ሄደና አለች። ሦስተኛ ጊዜ አፏ ቃሉ ላይ ደረሰና ተገታ። ደጋኗን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

ያኔ ገባኝ። ይህ ቃል በእኛ ቤት አይነገርም። ሦስት ዓመት ሙሉ «አባትሽ ከሄደ በኋላ» ነው የምላት። ለሥራ ባልደረቦቼም፣ ለጎረቤትም እንዲሁ ነው የምለው። መለወጥን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እሑድ ልጄ ማሲንቆውን ብታጣ በጋሽ ገብረክርስቶስ ጭካኔ ሳይሆን በእኔ ጥንቃቄ ነው የምታጣው።

«ፍሬ» አልኩ። «አባትሽ ሞቷል።»

የስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ከግድግዳው ማዶ ይሰማል። አርዋና ፊሮምሳ ወደ መሬት ያያሉ።

«አውቃለሁ፣ እማ።»

«እኔም አውቃለሁ። በይ እንደገና እንጀምር።»

በአምስተኛው ሙከራ ተቀበለችው። ድምፅዋ ተሰነጠቀ፣ ቃሉ ግን አልተለወጠም። የዚያን ቀን ሌላ አሥር ግጥም ሰጠኋት። አንዱንም ከደብተር አላነበብኩም።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሣጥኑን አውጥቼ አልጋው ላይ አስቀመጥኩት። ክዳኑ ላይ ከረጢት የቀየርኩባቸው አሥራ ሁለት ቀኖች ተጽፈዋል። ፍሬሰላም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በቀጭን ላስቲክ የታሰረ ነጭ የፈረስ ጭራ ይዛለች፤ ፊሮምሳ ሱሉልታ ካሉ አክስቱ ያመጣላት ነው። ከረጢቶቹን አንድ በአንድ አነሣሁ። ኮቱን ከፈትኩ።

መቀሱን ከካልሲው አወጣሁት። ከመቁረጤ በፊት አንድ ጊዜ ልስማው ብዬ በጣቴ ጭራውን ነካሁት።

ድምፅ አልሰጠም። ላልቶ ነበር፤ መቼ እንደላላ አላውቅም። ምናልባት በመጀመሪያው ክረምት፣ ምናልባትም በመጀመሪያው ሳምንት። እኔ ከረጢት እየቀየርኩ ቀን ስጽፍ፣ የሰመረ ቅኝት ቀድሞኝ ሄዶ ኖሯል። እሱ የወጠረው የለም። የላላ የፈረስ ጭራ ነው የቀረው።

«እማ? እኔ ልቁረጠው?»

«አይሆንም።»

ቆረጥኩት። መቀሱ የደነዘ ስለነበር ሁለት ጊዜ ነው የቆረጥኩት። የቤተሰቡ ታላቅ አይደለሁም፣ የቤተሰቡ ደምም የለኝም፤ ማንም አልፈቀደልኝም። ጭራውን ጠቅልዬ የኮቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ አስገባሁት፤ ኮቱን ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቀልኩ። ስመለስ ልጄ አዲሱን ጭራ እያሰረች ነበር። መቃኛውን ስታጠብቅ ምላሷን በጥርሷ ትይዛለች። እሷም እንደ አባቷ ይህን እንደምታደርግ ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር።

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አዳራሹ ሞላ። ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ቆመው የሚያዩም ነበሩ። የአርዋ እናት ራሂማ እንደተባለው ቀድመው ተገኝተዋል፤ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ጋሽ ገብረክርስቶስ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ፊት ወንበር ላይ ነበሩ። ከእሳቸው አንድ ወንበር አልፌ ተቀመጥኩ።

«እጅሽ ለመደ?» አሉኝ።

«ለመደ።»

ጭራው መቆረጡን ከወንበራቸው ሆነው አዩት። ነጭ ነው፤ የድሮው ጥቁር ነበር። ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

ሁለት ዘፈን አለፈ። የአባቷ ማሲንቆ ሽቦ ተለጥፎበት፣ ያ እንደ ሰው ጉሮሮ የሚሻክር ድምፁ አዳራሹን ሲሞላው፣ ልጆቹ መጮህ ጀመሩ። የአርዋ ማሽን ይዞራል፣ በላዩ ላይ ድቤ ትጨምራለች፣ ፊሮምሳ ከሥር ይሄዳል። ሦስተኛው ዘፈን መሐል ላይ ጋሽ ገብረክርስቶስ ተነሡ።

«ተቀበይ!»

በዚያ ሁሉ ድምፅ ውስጥ ተሰሙ። ሃምሳ ዓመት ያለ ማይክ የዘፈነ ሰው ድምፅ ነው። አርዋ እግሯን አነሣችና ማሽኑን ረገጠችው።

አልቆመም። ቀይ መብራቱ ብልጭ አለ፣ ምቱ ግን መዞሩን ቀጠለ። እንደገና ረገጠችው። ጋሽ ገብረክርስቶስ ወደ እኔ ዞረው ቅንድባቸውን አነሡ። አርዋ ጎንበስ አለችና ገመዱን ከነሶኬቱ ነቀለችው። አዳራሹ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። የማሲንቆውም ሽቦ ከዚያው ሶኬት ነበር፤ እሱም አብሮ ጠፋ። የቀረው ቆዳና ጭራ ብቻ ነው።

አርዋ ድቤውን ጭኗ ላይ አድርጋ በጣቶቿ ቀስ ብላ ጀመረች። ፍሬሰላም ወደ መድረኩ ጫፍ መጥታ እንደ አባቷ እዚያው ተቀመጠችና ደጋኑን አነሣች።

«ይበሉ ጋሼ፣ ይስጡኝ።»

«ካዛንቺስ ፈረሰ፣ ቤቱም ሜዳ ሆነ፣
የሰመረ ዘፈን በማሽን ታፈነ።»

ተቀበለች፤ ቃል በቃል። ከኋላ የሆነ ሰው «ኧረ ጋሼ ይራሩላት!» ብሎ ሳቀ። ጋሽ ገብረክርስቶስ አልሳቁም። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱ ቃል እንዲሰማ፣ ሁለተኛውን ሰጡ፦

«የአባቷን ማሲንቆ በሽቦ አሰረችው፣
መሞቱ ሳይበቃ ደግማ ገደለችው።»

የሳቀ የለም። ራሂማ በእጃቸው አፋቸውን ያዙ። ፍሬሰላም ደጋኑን ጭራው ላይ እየጎተተች ቀረች፤ ድምፁ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ሄደ። የአርዋ ምት ይጠብቃታል። ልጄ ተመለከተችኝ። ራሴን አልነቀነቅኩም። ዓይኗን አልሸሸሁም።

የመጀመሪያውን ስንኝ ተቀበለች። ከዚያም «መሞቱ ሳይበቃ» አለች። ጥርት አድርጋ፣ ከጉሮሮዋ አውጥታ። «ደግማ ገደለችው» ብላ ጨረሰች፤ አንድ ፊደል ሳትነካ። ደግሞም መለሰችው፣ ሁለተኛ ጊዜ፣ ከመጀመሪያው ከፍ አድርጋ። አዳራሹ ገነፈለ።

ሰው ሲጮህ እኔ ተነሣሁ። መነሣቴን ያወቅኩት ጉልበቴ የመድረኩን ጫፍ ሲነካ ነው።

«ተቀበይ» አልኩ።

ድምፄ ያው የላቦራቶሪ ድምፄ ነበር። ፊሮምሳ ከመድረኩ ላይ ሰማኝና አፉን ከፈተ፤ እጁን አንሥቶም ሰዉን ዝም አሰኘው።

«ሽቦውም ይታሰር፣ ከበሮም ይመታ፣
ፈቃድ አትጠይቅም ጠዋት ሆነ ማታ።»

ልጄ እየሳቀች ተቀበለችው። አርዋ ምቱን አጠነከረች። ሰዉ አብሮ ያጨበጭባል፤ ራሂማም ሳይታወቃቸው በጣታቸው ወንበሩን ይመታሉ። በዚህ ልቀመጥ ይገባኝ ነበር፤ ያዘጋጀሁት ይህን ብቻ ነው። ፍሬሰላም ግን ከመድረኩ ጫፍ ወርዳ መጣችና ፊቴ ቆማ ደጋኑን አነሣች። ጠበቀችኝ። ማን እንዳስተማራት አላውቅም፤ አባቷ ይጫወትበት በነበረው ቤት እሷ ገብታ አታውቅም።

«ሦስት ዓመት ዝም ያለው በኔ ነው በእጄ፣
ዛሬ ይናገራል ተጫወቺ ልጄ።»

ስትቀበለው አላየኋትም፤ ወደ መሬት ነበር የማየው። ሰማኋት ግን። ከዚያ አንድ ሰው ገመዱን መልሶ ሰካው፣ ማሽኑ መዞር ጀመረ፣ የማሲንቆው ድምፅም ከአራቱም ማዕዘን ተመለሰ።

ዘፈኑ ሳያልቅ ጋሽ ገብረክርስቶስ ወደ በሩ ሲሄዱ አየሁና ተከተልኳቸው። ውጭ ፀሐይ ነበር። ታክሲ ረዳቶች «ቄራ፣ ቄራ» ይጠራሉ። ደረጃው ላይ ቆመው ወደ መንገዱ ያያሉ።

«አልለወጠችም» አሉ።

«አልለወጠችም።»

«ይህን ያህል የከበደ አልሰጡኝም ነበር እኮ አባቴ። የእኔ ቀላል ነበር።» ከደረጃው አንድ እርከን ወረዱ። «አንዲት ቃል ናት የለወጥኩት።»

«ሰመረ ነግሮኛል።»

ዞር ብለው አዩኝ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። «አንቺ ጭራውን ቆረጥሽ» አሉ በመጨረሻ። «መቀሱን የተውኩልሽ እንድትለምጂው ብቻ ነው፤ መቁረጥ የእኔ ድርሻ ነበር። ያለችኝም እሷው ብቻ ናት።»

«የባሌ ነው የቆረጥኩት። ሌላ ሰው እንዲቆርጠው አልፈልግም ነበር፤ እርስዎም ቢሆኑ።»

«እንግዲያው መቀሴን መልሺልኝ።»

«ነገ ከሰዓት በኋላ መጥተው ይውሰዱ። ደንዟል፣ ያስሉት። ሻይ አፈላለሁ፣ እንደዚያ ቀን ሳይጠጡ እንዳይሄዱ።»

«ጭራውስ? የሟች ጭራ ይቀበራል፣ ልማዱ ነው። አብረሽ ስጪኝ።»

«ጭራው የእኔ ነው» አልኩ። «ማንም አይወስደውም።»

ሊከራከሩ አፋቸውን ከፈቱ። ከውስጥ የአዳራሹ በር ሲከፈት የማሲንቆው ድምፅ ከድቤው ጋር ወጥቶ ደረጃው ላይ ደረሰብን። ጋሽ ገብረክርስቶስ አፋቸውን መልሰው ገጠሙ፤ ጆሯቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ጣታቸው ጋቢው ሥር ምቱን ይፈልግ ነበር። ያቺ የምታነክስ ቦታ ላይ ሲደርስ ይስታል፣ እንደገና ይጀምራል።

ትቻቸው ወደ ውስጥ ገባሁ። አራተኛው ዘፈን ተጀምሯል።